ጀብራ፣ ጌም ቤቱና የሚግሉት ኮምፒውተሮች

በዚህ ገጽ ድሮ የኖርንባቸውን ሰፈሮች በየተራ ማንሳት ልማዳችን ነው። የዛሬው ተራ የጀብራ ነው። ካርቱምን የሚያውቅ ሐበሻ ጀብራን ሳያውቅ አይቀርም። ለማያውቅ ደግሞ እንንገረው፤ ከሱቅ አረቢ ሀፍላ ተይዞ ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ ከሰሀፋ ጎን የሚገኝ ሰፈር ነው። በሙረባዕ፣ ማለትም በብሎክ በብሎክ የተከፋፈለ፣ የውስጥ መንገዱ አብዛኛው አፈር፣ ቤቱ በግቢ አጥር የታጠረ፣ በሩ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ሐበሻው በርከት ብሎ ይኖርበት ስለነበር እንጀራውም፣ ሽሮውም፣ ቡናውም እዚያው ይገኝ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ምግብ ቤቶቹና ስለ ቡናው ግን ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። ዛሬ የምናነሳው ጌም ቤቱን ነው። ለምን ቢባል፣ ሰሞኑን እዚህ ካምፕ ውስጥ ልጆቻችን "ስልኩ ለምን ይግላል? ለምን እየተንቀረፈፈ ይቆማል?" እያሉ ሲጠይቁን፣ መልሱን የተማርነው የት እንደነበር ትዝ አለን። ትምህርት ቤት አይደለም። ጀብራ ነው፣ ከመጋረጃ ጀርባ።

ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። በፊት ለፊት ሰው ወደ አገር ቤት የሚደውልባቸውና ፓልቶክ የሚገባባቸው አራት ኮምፒውተሮች፣ ከጀርባ በመጋረጃ የተጋረዱ ስድስት የጌም ኮምፒውተሮች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ፕሌይስቴሽን ቱ። አንዱ ወገን እናቱን በስልክ እያለቀሰ ሲያናግር፣ ሌላው ወገን "ጎል!" ብሎ ይጮሃል። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። በእጃቸው ደብተርና ሰዓት፣ ዓይናቸው ግን ዘወትር የኮምፒውተሮቹ ጀርባ ላይ። ከተጫዋቹ ይልቅ የማሽኑን ፋን ድምፅ ነበር የሚያዳምጡት።

እናቶች ጌም ቤቱን አይወዱትም። እውነትም አላቸው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሻይ ስትሸጥ የዋለች ወይም ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ የዋለች እናት፣ የድካሟን ዋጋ ልጇ በሁለት ሰዓት ኳስ ጌም ሲጨርሰው ብታይ ምን ትበል? እኛም ያኔ ስንቆጣ ሰንብተናል። ግን ደግሞ እንመስክር፤ የከሻ ቀን፣ ማለትም መታወቂያ የሌለው እየተለቀመ በሚታፈስበት ቀን፣ ያችው እናት ልጇ መንገድ ላይ ከሚሆን መጋረጃው ጀርባ ቢሆን ትመርጥ ነበር። ጋሼም በሩን ገርበብ አድርገው "ድምፅ ቀንሱ" ይላሉ። ጨዋታው ይቀጥላል፣ በሹክሹክታ።

ፕሌይስቴሽን ቱ የሚባለው ዕቃ ዛሬ ሲያስቡት ይገርማል። በ2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲወጣ የነበረው ዋና ራም 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። አሁን በስልክ ከምናነሳቸው ፎቶዎች አሥሩ ወይም ከዚያ ያነሱት ይሞሉታል። በዚያች ትንሽ ማኅደር ላይ በ2004 ሳን አንድሪያስ የተባለው ጌም ሦስት ከተማ፣ በረሃ፣ ተራራና ገጠር ይዞ መጣ። እንዴት ቻለው? ሠሪዎቹ ዘዴ ነበራቸው። ማሽኑ ከተማውን በሙሉ አይሸከምም፤ ተጫዋቹ ካለበት አጠገብ ያለውን ብቻ ከዲስኩ እያነበበ ያመጣል፣ ያለፈውን ወዲያው ይጥላል። የሩቁን ደግሞ ጭጋግ አልብሶ ይደብቀዋል። ልጆቹ ያን ጭጋግ "ሀቡብ" ይሉት ነበር፣ ካርቱምን የሚሸፍነውን የአቧራ ማዕበል መሆኑ ነው። ዲስኩ የተቧጨረ ኮፒ ከሆነ ደግሞ ማንበቡ ይዘገያል፤ መኪናው በፍጥነት ሲበር መንገዱ ሳይመጣ መኪናው ይደርሳል! ልጆቹ ግን መፍትሔ አገኙለት፤ ቀስ ብሎ መንዳት።

ኮምፒውተሮቹ ግን ሌላ ጉዳይ ነበሩ። የኮምፒውተሮቹ ጠላት ሦስት ነበር፤ ሙቀት፣ አቧራና መብራት።

ከሙቀቱ እንጀምር። ከኤፕሪል እስከ ጁን የካርቱም የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ መሄዱ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ፋን የሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል። አይደለም። ፋን አየር ይገፋል እንጂ አየር አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ በፍጹም አይችልም። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሆኖ 65 የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ ክፍሉ 45 ሲሆን ወደ 85 ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ሥራውን ይቀንሳል፤ ጌሙ መጎተት ይጀምራል። ካልበቃውም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቀለል ያለ ሥራ፣ ለምሳሌ ደብዳቤ መጻፍ ወይም ፓልቶክ፣ ማሽኑን ያን ያህል አያደክመውም። ከባድ ጌም ግን ፕሮሰሰሩንም ግራፊክስ ካርዱንም አንድ ላይ እስከ ጥግ ያስሮጣቸዋል። ለዚህ ነው ፊት ለፊት ያሉት አራቱ ሲሠሩ የመጋረጃው ጀርባዎቹ የሚጠፉት።

ጋሼ በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ፣ ሱዳኖቹ ሙከይፍ የሚሉትን፣ አስገጠሙ። ሰው ተመቸው። ማሽኖቹ ግን አልተመቻቸውም፤ ምክንያቱም እሱ የሚነፍሰው አየር እርጥበት አለው። እርጥበቱ ማዘርቦርዱ ላይ የተኛውን አቧራ አግኝቶ ጭቃ አደረገው። አንዱን ኮምፒውተር ስንከፍተው ውስጡ የክረምት መንገድ ይመስል ነበር፣ ሳቃችን መጣ፣ ጋሼ ግን አልሳቁም። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ሳጥኖቹን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት፣ እነሱ በንሸር የሚሉት ዘንድ፣ በጎማ መንፊያው ማስነፋት ተጀመረ። ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ መንፊያው ውስጥ ውሃ ስለሚጠራቀም መጀመሪያ ወደ መሬት መልቀቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሲነፋ ፋኑን በጣት መያዝ፤ አለበለዚያ ከልኩ በላይ ተሽከርክሮ ይበላሻል።

መብራት በበጋ ይሄዳል። በ2009 የመረዌ ግድብ 1,250 ሜጋዋት ይዞ ሲመረቅ ነገሩ ለጊዜው ተሻሽሎ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ጄኔሬተር የሌለው ጌም ቤት ጌም ቤት አይባልም ነበር። ጄኔሬተሩ ሲነሳ መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል። የሚቃጠለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ሲጋጋል ነው፤ ማሽኑ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስበው ያኔ ነዋ።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ስሙን አንጠራም፣ የጀብራ ሰው ያውቀዋል። ከእናቱ ጋር ከጎንደር በመተማ በኩል የመጣ፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ልጅ ነበር። በ2008 አንድ ቀን ክራይሲስ የሚባል ጌም በኮፒ ዲስክ ይዞ መጣ። ዲስኩ ኮፒ መሆኑ የማንም ጥፋት ብቻ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕቀብ ሱዳን ላይ ስለነበር ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሶፍትዌራቸውን እዚያ አይሸጡም፣ ከኢንተርኔት ለማውረድም ይከለክሉ ነበር። በ2015 ለመገናኛ ዕቃዎችና ሶፍትዌሮች ላላ ተደረገ፣ በኦክቶበር 2017 የንግዱ ማዕቀብ በአመዛኙ ተነሳ። እስከዚያ ድረስ የሱዳን ኮምፒውተር የሚኖረው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ዲስክ ነበር።

ክራይሲስን የሠራው ክራይቴክ የተባለ የጀርመን ድርጅት ነው። መሥራቾቹ ጀቫት፣ አቭኒና ፋሩክ የርሊ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ ከቱርክ ወደ ጀርመን ከሄደ ቤተሰብ የተወለዱ። ይህን ያነሳነው የስደተኛ ልጅ ምን ይሠራል ለሚል ሰው እንዲሆነው ነው። ጌሙ በኖቬምበር 2007 ሲወጣ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን አንበረከከ። ቢያንስ 1 ጊጋባይት ራም፣ 256 ሜጋባይት ያለው ግራፊክስ ካርድና 12 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ይህ እንግዲህ በዝቅተኛው ነው። በከፍተኛው ለማጫወት ያኔ ገበያ ላይ ያለው ውዱ ማሽን እንኳን ያቃስት ነበር። "ክራይሲስን ይችለዋል ወይ?" የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ለአዲስ ኮምፒውተር የሚቀርብ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ሠሪዎቹ ጌሙ ቶሎ እንዳያረጅ ብለው ለወደፊት ማሽኖች አስበው ነው የሠሩት። አንድ ነገር ግን አሳሳታቸው። የአንድ ፕሮሰሰር ፍጥነት በየዓመቱ እየጨመረ ይሄዳል ብለው ነበር። ኢንቴል ግን ፔንቲየም 4 ላይ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ ቆመ፤ 4 ጊጋኸርዙን በ2004 ሰረዘው። ትልቁ ማነቆ ሙቀቱ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዱን ከማፍጠን ይልቅ ሁለት፣ አራት አድርጎ ጎን ለጎን ማሠራት ተጀመረ። ስለዚህ ክራይሲስ ከዓመታት በኋላ በመጡ ማሽኖች ላይም ይጎተት ነበር። እንግዲህ አሜሪካ ያሉትን መሐንዲሶች ያስቆመው ሙቀት፣ ጀብራ ያለውን የጋሼን ቤት ቢያስቸግር ምን ይደንቃል?

የጋሼ ኮምፒውተሮች 512 ሜጋባይት ራም ነበራቸው። ግራፊክስ ካርድ የሚባልም የላቸውም፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሠራ፣ ከዚያችው ራም ላይ ተበድሮ የሚሠራ ነው። ልጁ ይህን እያወቀ ጀመረ። ከሁለተኛው ማሽን ራም ነቅሎ ለመጀመሪያው ሰጠው፣ ጋሼ ምሳ ሄደው ሳለ። ሰኞ ገበያ ከሚባለው ቦታ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ በውሰት አመጣ። ክዳኑን ከፍቶ የቤቱን ቬንቲሌተር ደገነበት። የስክሪኑን ልክ ወደ 800 በ600 አወረደ፣ ጥላውን አጠፋ፣ ውሃውን አደበዘዘ፣ የዛፉን ቅጠል ቀነሰ። "ዝቅ አድርገው፣ አሁንም ዝቅ አድርገው" እያለ ከራሱ ጋር ያወራል። በመጨረሻ ተነሳ። የባሕር ዳርቻ፣ ንጋት፣ የዘንባባ ዛፎች። እንቅስቃሴው እንደ ፎቶ አልበም ነው፤ አንድ ሥዕል፣ ቆም፣ ሌላ ሥዕል። ግን እኮ መጋረጃው ጀርባ አሥራ አምስት ሰው ቆሞ ነበር። ባሕር ዓይቶ የማያውቅም ነበረበት። ማንም አልተናገረም።

በሁለተኛው ቀን ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ።

ጋሼ ተቆጡ። እናቱ ተጠርተው መጡ፣ ከሻይ ዕቃቸው እንደተነሱ፣ እጃቸው ላይ ከሰል። ዕዳውን ጠየቁ። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና "ዕዳው እሱ ራሱ ነው፣ እዚህ ይሥራልኝ" አሉ። እናቱ ደስ አላላቸውም፤ "ያበላሸውን ቤት ሥራ ብሎ መስጠት ምን ይሉታል?" ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምተናል። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽን ጠጋኝ ሆነ። እኛ አማርኛ የምንጽፍባቸውንም ኮምፒውተሮች ያዘጋጀልን እሱ ነው። ያኔ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ካልተጫነ ፊደላችን አይታይም ነበር። ፊደላችን የዓለም ፊደላት ማውጫ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው በ2007 በወጣው ቪስታ ነው፤ ኒያላ በሚባል ፎንት። የሱዳን ወዳጆቻችን የዳርፉሯን ኒያላ ከተማ መስሏቸው ደስ አላቸው፣ እኛ የባሌ ተራራውን እንስሳ ነው ብለን ተከራከርን። ችግሩ ቪስታ ራሱ ከጌም ያልተናነሰ ከባድ መሆኑ ነው። አማርኛው ሲመጣ ማሽኑ ሄደ! ልጁም ቪስታን አጥፍቶ ወደ ድሮው ኤክስፒ መለሰና ፎንቱን ለብቻው ጫነልን።

በ2012 በስፖንሰር ካናዳ ገባ። የእናቱ ፕሮሰስ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ጀብራ ምን ሆነች? ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ካርቱም ውስጥ ነው የተነሳው። ከጀብራ ቅርብ የሆነው ሸጀራ ትልቅ የብረት ለበስ ጦር ሰፈር ያለበት ስለሆነ፣ በተለይ በኦገስት 2023 እዚያ አካባቢ የነበረው ውጊያ ከባድ ነበር። ያን ጊዜ የወጣን ሰዎች ይዘን የወጣነው ወረቀትና ስልክ ነው። የሱዳን ጦር ከተማዋን በ2025 መልሶ ይዟል። የጋሼ ቤት በር ተገንጥሎ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ከሄደ ሰው ሰምተናል። ኮምፒውተር ቀርቶ ሽቦው እንኳን ከግድግዳው ተነቅሏል።

እዚህ ካምፕ ያለን ማሽን እንግዲህ ስልክ ነው። ስልክ ደግሞ ፋን የለውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በገላው ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ከባድ ጌም አትጫወቱ፤ ባትሪውም ፕሮሰሰሩም አንድ ላይ ይግላሉ፣ ባትሪው ያረጃል። ወፍራም የላስቲክ ሽፋኑን አውልቁ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉ። በሶላር የምትሞሉ ደግሞ ፓኔሉ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ ይሁን። ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አስተኝቶ "ቻርጅ አልቀበል አለ" የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣብናል። ስልኩ ሲግል ቻርጁን የሚያቆመው ራሱን ለማዳን ነው።

ካምፕ ውስጥ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ለሚል ወላጅ የሉዋል ማየንን ነገር እንንገረው። ደቡብ ሱዳናዊ ነው። ቤተሰቡ ከጦርነት ሲሸሽ መንገድ ላይ ተወለደ፣ በሰሜን ኡጋንዳ ካምፕ ውስጥ አደገ። ኮምፒውተር መጀመሪያ ያየው በ2007 ስደተኞች ሲመዘገቡ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅመው በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት። ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር። እዚያው ካምፕ ውስጥ ጌም መሥራት ተማረ፤ ሰላም የሚል ስም ያለው፣ ተጫዋቹ ከጦርነት የሚሸሽ ስደተኛ የሚሆንበት ጌም ሠራ። በ2018 በዓለም አቀፉ የጌም ሽልማት መድረክ ላይ ክብር ተሰጠው። ሁሉም ልጅ እንደሱ ይሆናል አላልንም። ሦስት ሰዓት የሚሄድ ልጅ ግን እኛም ዘንድ አለ።

አሁን ወደ ካናዳው ልጅ እንመለስና እንጨርስ። ባለፈው ወር ለእናቱ በቪዲዮ ደወለ። እኛም አጠገባቸው ነበርን፣ ስልኩ የኛ ነው። ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣውን የበረራ ጌም ተጭኖ ነበር። 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ የሚጠይቅ፣ የክራይሲስ ታናሽ ወንድም በሉት። መላውን ዓለም ከሳተላይት ፎቶ ላይ እየሠራ ያሳያል፤ ፎቶውን እየበረሩ ሳለ ከኢንተርኔት ያወርዳል። እንደ ሳን አንድሪያስ ነው፣ አጠገብ ያለውን ብቻ። ልጁ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ወደ ደቡብ ዞረ። "እማዬ፣ ጀብራ ላይ ነኝ" አላት።

ሥዕሉ በኛ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ስልኩም ጋለ። "ዝቅ ላድርግልሽ" ብሎ የቪዲዮውን ጥራት ቀነሰው፣ ደበዘዘ ግን ሄደ። እናቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ጎዳናዎቹ አሉ፣ ሙረባዖቹ አሉ፣ ማዕዘኑ አለ። ቤቶቹ ግን ሌላ ናቸው። ጌሙ ጣሪያውን ከላይ ያያል እንጂ ግድግዳውን አያውቅም፤ ስለዚህ የቤቱን መልክ ኮምፒውተር በግምት ነው የሚሠራው። የእሳቸውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ፎቅ ጨምሮበት፣ መስኮት ደርድሮበት አገኙት። ሰማያዊው የብረት በር የለም።

"ይኼ የኛ ቤት አይደለም" አሉ።

"አይደለም እማዬ። መንገዱ ግን እሱ ነው።"

ትንሽ ዝም ብለው አዩ። "መንገዱስ እሱ ነው። እስቲ በቀኝ ታጠፍ፣ ሻይ የምሸጥባት ዛፍ ትታይ እንደሆነ።"

"አውሮፕላን እኮ ነው እማዬ፣ እንዲህ በቀላሉ አይታጠፍም።"

"ታዲያ ዝቅ በላ!" አሉት።